በንቲ የዘጋው በር

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጎፋ ገና የከብት ሜዳ በነበረበት ጊዜ፣ መካኒሳ ውስጥ ከበንቲ በላይ የሚታመን ሰው አልነበረም። ጾም አይሽርም፣ ቅዳሴ አያስታጉልም፣ በየመንገዱ «እንዲህ ልሁን» እያለ ሲምል የሰማው የለም። ነገር ባከራከረ ቁጥር ሰዉ «በንቲ ምን አለ?» ይል ነበር። ያላየውን እንኳ ቢናገር እንዳየው ይቆጠርለታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ «ክፉ ነው» ብሎ ስለሚገላገል ነው። እኔ ጎረቤቱ ነበርኩ፤ እንዲህ በቀላሉ መገላገሉ ያናድደኛል።

ነገሩ የመጣው በአንዲት ጊደር ነው። በንቲም፣ ቁልቁል ወንዙ ዳር የሚኖረው ደገፋም፣ ከአንድ ኮርማ የተወለዱ፣ ግንባራቸው ነጭ የሆነ ቀይ ጊደሮች ነበሯቸው። ክረምት ላይ የሰፈሩ ከብት ተቀላቅሎ ሲግጥ ሰንብቶ አንደኛዋ ጠፋች። የቀረችው የማን ናት? ደገፋ ነፋስ ስልክ እየሄደ ድንጋይ ሲፈልጥ ስለሚውል ጊደሩን በቅጡ የሚያያት በዓል ሲሆን ብቻ ነው። የበንቲ ጊደር አንገቷ ላይ ቃጭል ነበራት። የቀረችው ቃጭል የላትም፤ ግን የቃጭል ጠፍር ይበጠሳልና ይህ ለማንም ማስረጃ አልሆነም።

በንቲ የሰፈሩን ደብር መልአክ ለመነ። የጊደሯን የመጀመሪያ ጥጃ ለደብሩ ተስሎ ነበርና፣ «ያንተም ድርሻ አለባት፤ የኔ ከሆነች ወደ ደጄ አምጣት» አለ። እስኪፈረድ ድረስ ሌላ ሰው በረት ታድር የነበረችው ጊደር በማግስቱ ስትለቀቅ ቀጥ ብላ መጣችና በበንቲ ደጅ ቆመች። ሚስቱ ዘነቡ እዚያው ደጅ ጨው የነካው ውኃ ደፍታ ነበር። «ጨው ልትልስ ነው የመጣችው» ብላ ነገረችው፤ አልሰማትም። ከዚያች ጠዋት ወዲህ በንቲ ተጠራጥሮ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ምስክር ሲያጡ ነገሩን ለመሐላ ሰጡት። የኛ ሰፈር መሐላ በአፍ ብቻ አያልቅም። የሚምለው ሰው የቤተ ክርስቲያኑን በር በገዛ እጁ እየዘጋ «ዋሽቼ እንደሆነ እንዲህ ይዘጋብኝ» ይላል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ በሰው ዓይን ይጠበቃል። ቢታመም ወይም ሰብሉን በረዶ ቢመታው ዋሽቷል ማለት ነው። ደኅና ከከረመ እውነቱን ነው። መጀመሪያ ደገፋን ጠየቁት።

«የኔ ትመስለኛለች» አለ።

«ትመስለኛለች ተብሎ በር አይዘጋም» አሉት።

በንቲ ሄዶ ዘጋው። አላመነታም፤ ለምን ያመነታል? አልዋሸማ።

በንቲ ጊደሯን ሲወስድ ለደገፋ የሌብነት ስም ተረፈው። ፊት ለፊት ሌባ ያለው የለም፤ ግን የዕድሩን ዕቃ ጠባቂነት ቀሙት፤ ሚስቱ ገዲሴ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድም ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ጊደሯ ደግሞ በተለቀቀች ቁጥር ቁልቁል ወደ ወንዙ ትሄዳለች። አንድ ቀን ዘነቡ «አንተ ሰው፣ ይቺ ከብት ቤቷን ሳታውቅ አትቀርም» ብትለው፣ «መልአኩ ራሱ ያመጣልኝን?» ብሎ ተቆጣና ጊደሯን በዱላ እየመታ መለሳት። የበንቲ ጤፍ እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። ሰዉ ማሳውን እያየ «ይኸው» አለ።

በሁለተኛው በጋ በንቲ የበረቱን ካብ ለመጠገን ድንጋይ ፍለጋ ገደሉ ሥር ወረደ። ቁጥቋጦው መካከል የከብት አጽም አገኘ። ጠፍሩ የአንገቷ አጥንት ላይ እንዳለ ነው፤ ቃጭሉም ከጠፍሩ አልተለየም። ያ ቃጭል በተሰነጠቀ ጊዜ በሽቦ ያሰረው በንቲ ራሱ ነበር። ዘነቡ እንደነገረችኝ፣ ቤት ሲመለስ ቃጭሉን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ የቃጭሉን ምላስ በእጁ ጨብጦት ነበር።

ወደ ነፍስ አባቱ ሄደ።

«ልጄ፣ አምነህ ነው የማልከው፤ ኃጢአት የለብህም» አሉት። «ጊደሯን በዝምታ መልስለት። ሰው ፊት ግን አታውጣው፤ የብዙ ሰው እምነት ይላላል።»

«አባ፣ ማመኑንስ አምኜ ነበር» አለ በንቲ። «ግን አላወቅሁም ነበር። ሰው የተቀበለኝ ያወቅሁ መስሎት ነው።»

በንቲ ተሰናብቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ያማረ ጤፍ ዓመቱን ሙሉ በደገፋ ላይ ሲመሰክር መክረሙን ያስባል። ስለ ጨዉ ዘነቡ ነግራዋለች። ጊደሯም በእግሯ ነግራዋለች። አላይም ያለው እሱ ነው፤ ይህን ሲያስብ ከሚስቱ ፊት ዓይኑን ይሰብራል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያንኑ በር ተደግፎ፣ ቃጭሉን ለሕዝቡ አሳየና ሁሉንም ተናገረ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። «የደገፋን ነውር በራሱ ላይ ሊያደርግ ነው እኮ፤ እንዴት ያለ ትሕትና ነው» ተባባሉ። አንዲት ባልቴት ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። በንቲ በዓይኑ ያየውን የተናገረው ያን ቀን ነው፤ ያልታመነውም ያን ቀን ብቻ ነው።

ደገፋ ያን እሁድ ለለቅሶ ነፋስ ስልክ ሄዶ ነበር። ሰኞ በንቲ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንደሚያደርገው፣ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደ። ዘነቡ ጊደሯን እየሳበች ተከተለችው። ደገፋ ደጁ ላይ ተቀምጦ የመዶሻውን እጀታ ያስተካክላል።

«ደገፋ፣ ይቅር በለኝ» አለ በንቲ። «የማልኩባት ጊደር ያንተ ናት። የኔዋ ገደል ገብታ ሞታለች።» ቃጭሉን ሰጠው። ዘነቡ ገመዱን ስትለቀው ጊደሯ ማንም ሳይነዳት በመካከላቸው አልፋ ጓሮ ገባች፤ ከድሮው ችካል አጠገብም ቆመች።

ደገፋ ቃጭሉን አገላብጦ አየው። ደስታ ፊቱ ላይ አልታየም።

«ጋሼ በንቲ፣ እርስዎ በር ዘግተው ምለዋል» አለ። «ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ፤ ምንም አልነካዎትም። እኔ ድሮም እርግጠኛ አልነበርኩም። እንግዲህ የሰው ከብት ተመኝቼ ነው አልኩ። ለነፍስ አባቴ ሰረቅሁ ብዬ ተናዘዝኩ። ቀኖናዬን ጾሜ ጨረስኩ፣ ለፋሲካ ቆረብኩ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እተኛለሁ። ዛሬ መጥተው አልሰረቅህም ይሉኛል። ታዲያ የተፈታሁት ከምንድን ነው?»

ገዲሴ ጓሮ ገብታ፣ የጊደሯን አንገት አቅፋ ታለቅሳለች።

ደገፋ «ያገኘሁትን እንቅልፍ በጊደር አልለውጥም» ብሎ ተነሳ፤ ሚስቱን ቀስ ብሎ አላቀቃትና ገመዱን ያዘ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው የሚያወርደው የተበደለው ሰው «አውርድ» ሲለው ነው። ደገፋ አላለም። ጊደሯን እየሳበ ወደ በንቲ ቤት ዳገቱን ወጣ፤ በንቲም ድንጋዩን እንደተሸከመ ከኋላው ተከተለው።