ባለ ስልሳ ሻማ አምፖል

ባለፈው የገበያ ቀን ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ጫጩት መሸጫ በር ሳልፍ ሽታ አስቆመኝ። የአንድ ቀን ጫጩቶች በጣውላ ሳጥን ታጭቀው፣ ከላያቸው አምፖል በርቶላቸዋል። የሞቀ ጣውላና አምፖል ላይ የሚጠበስ አቧራ ሽታ ነበር። ሻጩ "ስንት ልስጥሽ?" ይለኛል፤ ልቤ ግን መምህር ደምሴ ዘንድ ሄዷል።

መምህር ደምሴ በልጅነቴ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። የቡኢ ሰው ናቸው። አላገቡም። ጎረቤት ለጨዋታ ሲጠራቸው "ፈተና ላርም" ብለው በራቸውን ይዘጋሉ፤ ከውስጥ የቴፓቸው ድምፅ ብቻ ቀስ ብሎ ይሰማል። እናቴ ዘይነባ "ኩሩ ሰው" ትላቸው ነበር።

አንድ ክረምት እናቴ ጊዜያቸው ያልደረሰ መንታ ወለደች። አባቴ ለንግድ መርካቶ ነበር። የክሊኒኩ ነርስ "ማሞቂያው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ በዚህ ብርድ መንገዱን አይችሉትም። ብቻ እንዳይበርዳቸው" አለችን። እናቴ ራሷ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች ሁለቱንም ደረቷ ላይ አቅፋ ተኛች። ወንዱ በማግስቱ ጠዋት አረፈ። ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር። የቀበሩት ሰዎች ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ተመለሱ።

የዚያኑ ቀን መምህር ደምሴ የጣውላ ሳጥን ታቅፈው በራችን ላይ ቆሙ። ውስጡን በጥጥና በብርድ ልብስ ቁራጭ ለብጠውታል፤ ከላይ አምፖል አንጠልጥለው በወንፊት ሽቦ ጋርደውታል።

"ዘይነባ፣ ልጅቷን እዚህ ውስጥ እናስተኛት" አሉ።

እናቴ ቀና አለች። "ልጄን? እንደ ጫጩት?"

"አዎ፣ እንደ ጫጩት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እናቴ የሳጥኑን ውስጥ በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ሕፃኗን ዘረጋችላቸው።

ሳጥኑ ሞቀ፤ የሕፃኗ እግር ደም መሰለ። አመሻሹ ላይ ግን መብራቱ ተዳከመ፤ አምፖሏ የሽንኩርት ልጣጭ መሰለች። የሕፃኗ ከንፈር ጠቆረ፤ ልቅሶዋንም ተወች። መምህር ደምሴ ከትምህርት ቤት ተውሰው ያመጧቸውን ሁለት ባለ መርፌ መለኪያዎች ከሽቦው ጋር አያያዙና አጎንብሰው አነበቡ። በጠመኔ ሳጥኑ ላይ አካፈሉ፣ አባዙ።

"መብራቱ መቶ ስልሳ ቮልት ላይ ወርዷል። ሁለት መቶ ሃያ መሆን ነበረበት።"

"ምን ማለት ነው፣ መምህር?" አለች እናቴ።

"ቮልት የሚገፋው ነው፤ ከረንት የሚፈሰው። የሚገፋውን ለሚፈሰው ሳካፍል የአምፖሏ ሬዚስታንስ ይወጣል፣ እምቢታዋ በይው። እሱ ብዙም አልተለወጠም፤ አምፖሏ ደህና ናት። የሚገፋውን በሚፈሰው ሳባዛ ደግሞ ፓወሯ ይወጣል፣ ሙቀቷ ማለት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ፍሰቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ሙቀቷ በሁለቱም በኩል ይጎድላል። ስልሳ ሻማ ብለን የገዛናት አሁን ሠላሳ አምስት ናት። ለዚህች ልጅ አትበቃም።"

ሁለተኛ አምፖል ጨመሩ። "የጎረቤት ምድጃ ሲጠፋ ግን ግፊቱ ይመለሳል" አሉ። "ያኔ ሁለቱም ሙሉ ስልሳ ይሆኑና ያቃጥሏታል።" የቮልት መለኪያው መስታወት ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የመርፌዋን ነገር ግን ወዲያው ያዘችው። "ከቀዩ ካለፈች አንዷን አጠፋለሁ፣ ከወረደች አበራለሁ። ኢንሻ አላህ" አለች።

ከዚያ መምህር ደምሴ፣ የማንንም ደጃፍ ረግጠው የማያውቁት ሰውዬ፣ ጃንጥላ ይዘው በእኛ ቆጣሪ የሚጠቀመውን ጎረቤት ሁሉ በየቤቱ አንኳኩ። እኔም ተከተልኳቸው። አጥር ተጋሪያችን እትዬ አስካለ ሻይ ቤት ነበራት፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ አብርታለች።

"አስካለ፣ ምድጃሽ ሲበራ የዘይነባን ልጅ ይበርዳታል።"

"የኔ ምድጃ ከሷ ልጅ ጋር ምን አገናኘው?"

"አንድ ሽቦ ነው የምንካፈለው። አንቺ ብዙ ስትስቢ ለሷ የሚደርሰው ግፊት ይሳሳል።"

እትዬ አስካለ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። ጠዋት ከእናቴ ጋር ስታለቅስ የነበረች ሴት ናት። ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ሶኬት ነቀለች። "ከሰሉን አውጪው" ብላ ሠራተኛዋን ተጣራች።

ያን ክረምት ሰፈራችን ራቱን በከሰል አበሰለ። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ሴቶቹ የፈላ ውኃ በጠርሙስ እየሞሉ፣ በጨርቅ እየጠቀለሉ ያመጡ ነበር። መምህር ደምሴ ጠዋትና ማታ መጥተው መርፌዋን አይተው፣ ሕፃኗን አይተው፣ ሳይቀመጡ ይሄዳሉ። መስከረም ሲጠባ እህቴ ራህመት ከሳጥኑ ወጥታ እናቴ ጀርባ ላይ ታዘለች። ያኔ ነው መምህሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ተቀምጠው ያየኋቸው። እናቴ ያቀረበችላቸውን ቆጮ በጎመን በሉ።

ጥቂት ቆይተው ወደ ወልቂጤ ተዛወሩ። አንዳንዴ ከመንገደኛ ጋር ሰላምታ ይልኩ ነበር፤ በኋላ እሱም ቀረ። ማረፋቸውን የሰማነው ራህመት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። እናቴ ሁለታችንንም ይዛ ለለቅሶ ቡኢ ወረደች።

ድንኳኑ ውስጥ በዕድሜ የደከሙት የመምህሩ እናት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። መምህር ደምሴ ልጅ እንዳልነበራቸው ሁሉም ያውቃል፤ አልቃሾቹም ያንኑ እያነሱ ነበር የሚያለቅሱት። ራህመት እንደ ቤተሰብ ተንሰቅስቃ ስታለቅስ አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት።

"ይቺ የማን ልጅ ናት?" አሉ።

እናቴ አጠገባቸው ተንበረከከች። "ልጅዎ ያተረፏት ናት፣ እማማ። የእናንተም ናት።"

አሮጊቷ ፍራሹ ላይ ጠጋ አሉና ራህመትን እጇን ይዘው ስበው ከጎናቸው፣ ከዘመዶቹ ተርታ አስቀመጧት።