የእትዬ በቀኝ ነጭ ዘለላ

እትዬ በቀኝ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ሦስት ወንበር ባላት ፀጉር ቤቷ ውስጥ ወሬ የጀመረች ሴት ሁሉ «በቀኝ በኩል ነይና ንገሪኝ» ትባላለች። ግራ ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም። ይህን የማያውቁ አዳዲስ ደንበኞች በግራዋ ቆመው ሰላም ሲሏት መልስ ያጡና «ኩራቷስ ጣራ ነክቷል» እያሉ ያሟታል። ሐሜቱ በግራ በኩል እስከሆነ ድረስ እሷን ከፍቷት አያውቅም።

ጆሮዋን አገር ያውቀዋል። ምስጢሯ ሌላ ነበር። ግንባሯ መሃል ላይ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ የፀጉር ዘለላ ይዛ ነው የተወለደችው። ትምህርት ቤት «አሮጊቷ» ይሏት ስለነበር፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጥቁር ቀለም ገዝታ ራሷ ቀባችው። የጎረቤት ልጆች እጇን አይተው «እኛንም ሥሪን» አሉ። ሙያው በዚያው ያዛት። ካገባች በኋላም በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ፣ ፀጉር ቤቱ ዝግ ሲሆን፣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ትቀባለች። ለባሏ የምትነግረው ወለል ልትወለውል እንደምትሄድ ነው። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ብዙ አይጠይቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወለሉ ሲወለወል ኖረ።

አንድ ልጃቸው አግብቶ ሴት ልጅ ተወለደችለት። ሚጢጢ አሏት። ሚጢጢ ዓይኗን ገልጣ ስታይ ሁለቱም ዓይኖቿ እንደ ጠዋት ሰማይ ሰማያዊ ናቸው። የአባቷም የእናቷም ዓይን ግን ጥቁር ቡናማ ነው።

የሹፌሩ እህት አራስ ልትጠይቅ መጣች። ሕፃኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛት ሄደችና ደጋግማ አየቻት።

«እንዴት ያምራል» አለች። «ከማን አመጣችው?»

ሕፃኗን ወደ አልጋው መልሳ እያስተኛቻት ቀጠለች።

«እዚሁ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የነበረው የውጭ አገር መሐንዲስ አሁንም አለ?»

የእትዬ በቀኝ ምራት፣ የሚጢጢ እናት፣ ትራሱን አስተካከለች። እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ግን ወጥ ቤት ገብታ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ አለቀሰች። እትዬ በቀኝ ቧንቧው ለምን እንደተከፈተ ገብቷታል። ገብታ ልታባብላት አሰበችና በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ሚጢጢ ስድስት ወር ሲሆናት እትዬ በቀኝ ድስት ስታወጣ ክዳኑ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ድመቷ ከቤት ወጥታ ጠፋች። ሚጢጢ የእግሯን አውራ ጣት መጥባቷን ቀጠለች። እትዬ በቀኝ ክዳኑን አንስታ ሆን ብላ ደግማ ጣለችው። ሕፃኗ ዞር አላለችም። በሳምንቱ ጆሮዋ ሲመረመር በሁለቱም በኩል እንደማትሰማ ተነገራቸው፤ በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን ወደምታይ ሐኪምም ተላኩ።

ወላጆቿና አያቶቿ፣ አራቱም፣ ሚጢጢን ይዘው ሄዱ። ወጣቷ ዶክተር በሕፃኗ ሁለት ዓይኖች ውስጠኛ ጥግ መሃል ያለውን ርቀት በትንሽ ማስመሪያ ለካች። ከዚያ ቀና ብላ አያትየዋን አየች፤ የእሷም ዓይኖች እንደ ሕፃኗ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው። ጽፋ ስትጨርስም እንደገና አያትየዋን አየች።

«ከቤተሰቡ መስማት የሚቸገር አለ?»

«እኔ በግራ አልሰማም» አለች እትዬ በቀኝ።

«ዓይኑ የተለየ? ወይም ፀጉሩ ላይ ነጭ ያለበት?»

«የለም» አለች እሷው።

ሹፌሩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ምራቷ አንገቷን ደፍታ የሚጢጢን ካልሲ ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። እትዬ በቀኝ ያን ካልሲ ስታይ ቆየችና ሻሿን ፈትታ ግንባሯ ላይ ያለውን ፀጉር በጣቷ ከፈለችው። ሥሩ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጥቷል።

«ከተቀባሁት አሥር ቀኔ ነው» አለች።

«አሥራ አንድ» አለ ባሏ።

ዞር ብላ አየችው።

«የትራስ ልብሱን የማጥበው እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለ፣ ዓይኑን ከጣሪያው ሳያወርድ። «በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ጥቁር ነው።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልክ?»

«ወለሉም ይጽዳ ብዬ።»

ምራቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ዶክተሯ። ልጃቸው ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ሆዱ ላይ ያለውን መዳፍ የሚያህል ነጭ ምልክት አሳየ። «እማዬ፣ ይሄንንስ?» አለ። «ነፍሰ ጡር ሆነሽ ወተት አምሮሽ ነው ብለሽኝ የለ?»

«አምሮኝም ነበር» አለች እትዬ በቀኝ።

ዶክተሯ የሚመስላትን በዝግታ አስረዳቻቸው። «ሰውነታችን ውስጥ እያንዳንዱ ሴል ሁሉንም ዘረመል ይዟል። የቆዳውም የጉበቱም ያው ነው። ልዩነቱ የትኛው ዘረመል ይሠራል፣ የትኛው ይተኛል የሚለው ነው። ይህን የሚወስኑ ፕሮቲኖች አሉ። ሄደው ዘረመሉ አጠገብ ይጣበቁና አንዱን ያስነሱታል፣ ሌላውን ያስተኙታል። ፓክስ ሦስት የምንለው ከእነሱ አንዱ ነው።»

«የስምሪት ኃላፊ ነው በይኛ» አለ ሹፌሩ። «እሱ ከሌለ መኪናው ነዳጅ ሞልቶም ከግቢ አይወጣም።»

«እንደዚያ ነው። ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ፅንሱ ገና ትንሽ ሳለ ጀርባው ላይ ይፈጠሩና ወደ ቆዳ፣ ወደ ፀጉር፣ ወደ ዓይንና ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይጓዛሉ። ፓክስ ሦስት ሲያንስ በቂ ሴሎች አይደርሱም።»

«ጆሮ ቀለም ምን ያደርግለታል?» አለች እትዬ በቀኝ።

«ጆሮ ውስጥ ሌላ ሥራ አላቸው። እዚያ ያለውን ፈሳሽ የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው፤ ከሌሉ የገባው ድምፅ ወደ ነርቭ አይተላለፍም። ከእያንዳንዱ ዘረመል አንድ ቅጂ ከእናት፣ አንድ ከአባት እንወርሳለን። ለብዙዎቹ አንድ ደህና ቅጂ ይበቃል። ፓክስ ሦስትን ለሚሠራው ዘረመል ግን አንዱ ሲበላሽ የሚቀረው ግማሽ መጠን አይበቃም። የማን ሰውነት የት ላይ እንደሚጎድልበት ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። እርስዎን ፀጉርና አንድ ጆሮ፣ ልጅዎን ሆዱን፣ እሷን ዓይንና ሁለት ጆሮ ነክቷል።»

«ሌሎቹ አለቆች ሲበላሹስ?» አለ ልጃቸው።

«ከሺህ በላይ ናቸው። አንዱ ሲጎድል ልብ ቀዳዳ ኖሮት ይፈጠራል፣ ሌላው ሲጎድል ስኳር በሽታ ገና በወጣትነት ይመጣል። መቆም ሲገባው ማዘዙን የቀጠለም አለ፤ ያ ወደ ካንሰር ሊወስድ ይችላል።»

የደም ምርመራው ውጤት ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ዶክተሯ እንደገመተችው በአያቲቱ፣ በልጇና በሚጢጢ፣ በሦስቱም ደም ውስጥ ያው አንድ ጉድለት ተገኘ። በማግስቱ እትዬ በቀኝ የተቀባውን ፀጉር ነጩ እስኪቀር ከረከመችውና በሻሽ ሳትሸፍነው የሹፌሩን እህት ቤት አንኳኳች።

«ከማን አመጣችው ብለሽ ነበር» አለች፣ ግንባሯን ጎንበስ አድርጋ። «ከኔ።»

ሴትየዋ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። «መሐንዲሱን ያነሳሁት እኮ ለወሬ ያህል ነው» አለች።

«ለወሬ ከሆነ በግራዬ በኩል ነይ» አለቻት እትዬ በቀኝ። ቢሆንም ሴትየዋ ደውላ የሚጢጢን እናት ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ከዚያ ቤት አልወጣችም።

ዘለላው አድጎ ሲታይ ያልጠበቀችው ነገር መጣ። ወጣት ደንበኞች ወንበሩ ላይ ቁጭ እያሉ «እንደርስዎ ያድርጉልኝ» ማለት ጀመሩ። ዕድሜዋን ሙሉ ነጩን ስታጠቁር የኖረች ሴት ጥቁሩን ስታነጣ ትውላለች። «ዶክተሯ ብታየኝ ምን ትላለች» ትላለች፣ እየሳቀች። «ያለ ፕሮቲን ዘር ማስተላለፍ ጀመርኩ።»

መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤተሰብ የምልክት ቋንቋ ያስተምራል። አራቱም ተመዘገቡ። የፀጉር ሠሪዋ ጣት ፈጣን ነው፤ በሦስት ወር ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። ሹፌሩ ግን መሪ ሲጨብጥ የኖረ እጁ አልታዘዝ አለው። ሚጢጢን «ደህና ነሽ?» ሊላት ፈልጎ «ዓሣ ነሽ?» ይላታል። ሚጢጢ አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። ጥያቄው ባያስቸግራትም አያቷ መሳሳቱን ታውቃለች። ጉልበቱ ላይ ወጥታ ትቀመጥና ወፍራም ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈች ታስተካክልለታለች። ከዚያ በሰማያዊ ዓይኖቿ ፊቱን እያየች በእጇ «ድገመው» ትለዋለች፤ እሱም ይደግመዋል።