አርብ አርብ የሚጨልመው ክፍል

ጠዋት ልጄ ብርድ ልብስ አጠበችና ገመዱ ስለሞላባት የሳሎኑን መስኮት ከውጭ ሸፍና ሰቀለችው። ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ጨለመ። ብርሃኑ በብርድ ልብሱ ጠርዝ በኩል እንደ ክር ቀጥኖ ገባ፤ ከኋላው ያ የረጠበ ሱፍ ሽታ መጣብኝ። "እማዬ፣ ላንሳው እንዴ?" ስትለኝ እኔ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሆኜ ቁጭ ብዬ ነበር።

አንቺ የመጣሽው ስለ ባህል ትምህርት ልትጠይቂኝ ነው፤ ያንንም ስልክ ጠረጴዛው ላይ አድርገሽ ድምፄን እየቀዳሽው ነው። ይሁን። ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ በዚህ ጉዳይ ያልተቀመጥኩበት ስብሰባ የለም። የስብሰባውን ቋንቋ ከፈለግሽ ከማንም ታገኚዋለሽ። እኔ እሱን መድገም ደክሞኛል። አንድ ያየሁትን ነገር ልንገርሽና ከጠቀመሽ ጻፊው፣ ካልጠቀመሽም ተይው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ሳላለባብስ ነው የምነግርሽ።

ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርት ቤታችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፤ ነፋስ ሲነሳ የዓሣው ሽታ ክፍል ድረስ ይገባል፤ አባ ኮዳ የምንላቸው እነዚያ መላጣ ወፎች ጣሪያው ላይ ሲራመዱ ቆርቆሮው ከበላያችን ይንኳኳል። በዚያ ዓመት ከላይ መመሪያ መጣ። እያንዳንዱ ክፍል የብሔረሰቦችን ባህል አዘጋጅቶ ለአብዮቱ በዓል ያቅርብ ተባለ። ሌሎቹ ክፍሎች ወደ ቀላሉ ሮጡ። ከየጎረቤቱ የተለመነ ልብስ፣ አንድ ሁለት ጭፈራ፣ መጨረሻ ላይ መፈክር። አሁንም ቢሆን ከዚያ ብዙ አልራቅንም፤ መፈክሩ ብቻ ነው የተለወጠው።

የእኛ መምህርት አማርኛና ሥዕል ታስተምረን ነበር። ከሰሜን ተመድባ የመጣች ናት፤ አሁን ሳሰላው ከሃያ አራት ዓመት አትበልጥም። ጭፈራውን አልፈለገችም። የምንኖርበትን አገር ተረት እንማር አለች። እሷ ግን አንድም አታውቅም፣ እኛም አብዛኞቻችን የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ነን፣ ከየት እናምጣ? "የማላውቀውን አላስተምርም፤ የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን" አለችና ሄዳ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ይዛ መጣች።

ዘበኛው የሲዳማ ሽማግሌ ነበሩ። ግቢው ጥግ ባለች ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ያላቸው ሀብት አንዲት ዳማ ላም ናት፣ እሷንም በአጥሩ ሥር ያስግጧታል። አማርኛን ካረጁ በኋላ ስለተማሩት ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነበር የሚሉት። የእኛ ሲዳምኛ ከዚያ የባሰ ስለነበር የሚስቅ አፍ አልነበረንም። ያን ቀን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙና ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። ከዚያም ለመምህርታችን ተረት በቀን እንደማይነገር ነገሯት። በእሳቸው ዘንድ ተረት የሚወራው ከብት ከገባ በኋላ ነው። ፀሐይ እያየችው ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል፣ ጅብ ይበላበታል።

እዚህ ላይ ብዙ መምህር ይስቃል። እኔ ራሴ መምህር ሆኜ ስንቱን በሳቅ መልሻለሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ማታ እንዳንሰበሰብ ሰዓት እላፊ አለ፣ ትምህርት ቤቱም የቀን ነው። ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ክፍሉን እናጨልመዋለና" አለች፣ ልክ ጥቁር ሰሌዳ አጥፉ እንደምትለን አድርጋ።

አርብ ከሰዓት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁላችንም ከየቤታችን ብርድ ልብስና ጋቢ ይዘን መጣን። እኔ የአባቴን ግራጫ ብርድ ልብስ ነበር የወሰድኩት፤ መንገድ ላይ ዝናብ መታኝና ረጠበ። መስኮቶቹን ሸፈንን፣ በሩን ዘጋን። ሽማግሌው መሃል ቆመው እጃቸውን ፊታቸው ላይ አነሱ። ጣቶቼን ካየሁ ገና ቀን ነው አሉ። ቆርቆሮው ላይ የምስማር ቀዳዳ ነበር፤ በእሱ በኩል ብርሃን ወለሉ ላይ ይወርዳል። አንዱ ልጅ ዴስክ ላይ ወጥቶ ያኘከውን ወረቀት ወተፈበት። እጃቸውን እንደገና አነሱ። ጣታቸው ጠፋ። "እሺ፣ መሸ" አሉ።

ሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ሲናገሩ እንደሚያደርጉት መጀመሪያ "አፊኒ?" ይሉናል፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። መስማታችንን ሳንመልስላቸው አንድ ቃል አይጨምሩም። አርባ ልጅ በዚያ ጨለማ ትንፋሹ ይሰማል። ቤት ውስጥ አባቴ ሲናገር ፊቱን እያየሁ ነበር የማዳምጠው፣ ይቆጣ አይቆጣ ለማወቅ። እዚያ ግን ፊት የለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ጅቡ ሲመጣ ድምፃቸው ከክፍሉ ጀርባ የመጣ ይመስለኛል። ሲጨርሱ ብርድ ልብሶቹን እናወርዳለን፤ ዓይናችን እያለቀሰ፣ በከሰልና በቀይ አፈር የሰማነውን እንሥላለን። መምህርታችን አንድም ሥዕል አታርምም ነበር። የአንዱ ጅብ ስድስት እግር ነበረው፤ እሱንም ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

አምስት አርብ እንዲህ አደረግን። በሕይወቴ ሰኞን ያልጠላሁት ያኔ ብቻ ነው፤ አርብን ስለሚያመጣ።

ከዚያ አንድ እሑድ አባቴ ለምሳ እንግዳ ጠራ። የቀበሌያችን ካድሬ ነው። አባቴ የግብርና ቢሮ ሠራተኛና የወላጅ ኮሚቴ አባል ስለነበር እንዲህ ያለውን ሰው አልፎ አልፎ ማብላት ነበረበት፤ ወዶ አልነበረም። የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ። ሰውየው ክፉ ፊት አልነበረውም። እሾህ እየለቀመ ትምህርት እንዴት ነው አለኝ። እኔ ደግሞ እንግዳ ሲያናግረኝ አላበቃም። አርብ አርብ መስኮት ሸፍነን፣ በር ዘግተን እንደምንማር ነገርኩት። የአባቴ እጅ እንጀራው ላይ ቀረ።

"በር ዘግታችሁ ምን ትማራላችሁ?" አለ ካድሬው።

ተረት ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ሕግ አክባሪ ነኝ አይደል? ቀትር ነው፤ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እግሬ ድረስ መጥታለች። ስለ ተረቱ አንድ ቃል ብናገር የሽማግሌው ላም ትጠፋለች ብዬ ፈራሁ።

"አሁን አይነገርም" አልኩት።

"ማን ነው አይነገርም ያለሽ?"

"ዘበኛው። መምህርታችንም ታውቃለች።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሰውየው እጁን ታጠበና በትሕትና አመስግኖ ወጣ። አባቴ አልመታኝም። ደጋግሞ ምን አልሽ፣ ምን አልሽ ይለኝ ነበር፤ የሰማውን መልሼ ስነግረው ደግሞ አይሰማኝም።

ሰኞ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው መጡና መምህርታችንን ከሰሌዳው ሥር ወሰዷት። ጠመኔው በእጇ ነበር፣ አስቀምጪው አሏት። ግድግዳው ላይ የነበሩትንም ሥዕሎች ነቅለው ወሰዱ። ስድስት እግር ያለው ጅብ ለአንድ ሙሉ ቀን ቀበሌውን ሲያነጋግር ዋለ፤ ስድስት ማለት ምንድን ነው እየተባለ። ዛሬ ያስቃል። ያኔ እናቷ ሩቅ አገር ያለች ልጅ ሲሚንቶ ላይ ታድር ነበር።

ሽማግሌውንም ጠሯቸው። ለልጆቹ ያወሩትን እዚህ ያውሩ፣ ንጹሕ ከሆነ እንለቃታለን አሏቸው። በቀን አልችልም አሉ፤ ማታ ኑና እነግራችኋለሁ። ካድሬው በዚህ ተናደደ አሉ። በሰዓት እላፊ፣ በጨለማ፣ ጎጆዬ ኑ የሚለው ሰው ምን አስቦ ነው? እሱም የሚፈራው አለቃ ነበረው፤ አሁን ይገባኛል። ሦስት ቀን እንዲህ ተጓተቱ። እሷ ከታሰረችበት ስላልወጣች መጨረሻ ላይ ሽማግሌው እሺ አሉ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የእኛን ክፍል ባንዲራው ሥር አሰለፉን። ሽማግሌው ያወሩት ያንኑ ተረት መሆኑን እኛ እንድንመሰክር ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ካድሬው ወንበር ቀርቦለታል፣ ዳይሬክተሩ ከጎኑ ቆሟል፤ አባቴም በወላጅ ኮሚቴነቱ እዚያው አለ። በዋዜማው ማታ ጓዱን ቀጥ ብለሽ እዪ፣ እንዳትነቃነቂ፣ አንገትሽን እንዳትደፊ ብሎኝ ነበር። ከቆመበት ዓይኑን ከእኔ አላነሳም።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አጥሩ ሥር የታሰረችውን ላማቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከልማድ ነው መሰል እጃቸውን ፊታቸው ላይ አነሱ፤ እያንዳንዱ ጣታቸው፣ ጥፍራቸው ሳይቀር ይታያል። አወረዱት። "አፊኒ?" አሉ።

ያኔ ፊት ለፊት የቆመችው ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥሎ ያለው እሷን አይቶ ጨፈነ። እንዲህ እያለ በሰልፉ ሁሉ እየተዛመተ ሄደ። አርባ ልጅ በዚያ ፀሐይ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማን ብሎ መለሰላቸው። ለሽማግሌው ማስመሸታቸው ነበር። ሌላ የሚሰጧቸው ነገር አልነበራቸውም።

እኔ ግን አልጨፈንኩም። አባቴን ፈራሁ። ካድሬውን ቀጥ ብዬ አያለሁ ስል ዓይኔ ከሽማግሌው ዓይን ጋር ገጠመ፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ አላዩም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኔን እያዩ ተናገሩት። በጨለማ የሰማሁት ድምፅ ጥርስ የሌለው አፍ እንዳለው፣ ከንፈሩም እንደሚንቀጠቀጥ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ተረቱ ምን ነበር ትዪኝ ይሆናል። ሰዓቱ ስንት ነው? ስምንት ሰዓት። እንግዲህ አልነግርሽም።

ሲጨርሱ ካድሬው "ጅቡ ማን ነው?" አላቸው።

"ጅብ ነው" አሉ።

ወደ እኛ ዞረ። ልጆቹን ያው ነው ወይ አለን፣ ያው ነው አልን። በማግስቱ መምህርታችን ተለቀቀች። ክፍል ስትገባ አስራ የማታውቀውን ሻሽ አስራ ነበር፤ ፀጉሯን አላየንም። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከመጽሐፉ ገጽ ቁጥር እየጠራች ብቻ አስተማረችን፤ ክረምት ላይ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረች። ሥዕሎቹ አልተመለሱም። ብርድ ልብሶቹም በየቤታቸው ቀሩ፣ ማንም አርብን አላነሳም። ሽማግሌው ላሟን በዚያው ሳምንት ነድተው ለገጠር ዘመዳቸው ሰጡ። በእኔ እጅ ካለች መጥፋቷ አይቀርም፣ በሌላ ሰው እጅ ግን ትተርፍ ይሆናል ብለው ነው አሉ። አጥሩ ሥር ሣሩ አደገ።

ለሳምንታት እንቅልፍ አልነበረኝም። ማንም ማን እንደተናገረ አያውቅም፤ አባቴም ለእናቴ እንኳ አልነገራት። ሰኔ ላይ ካርድ የተቀበልን ቀን ልናዘዝ ቆረጥኩ። ሁሉም ልጅ እስኪወጣ ጠብቄ ወደ ግቢው በር ሄድኩ። ሽማግሌው ዱካ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። "አባባ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ" የምትለውን ቃል መንገዱን ሁሉ ስለማመዳት ነበር። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

"አንተ ዓይን አልጨፈንክም" አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ልጅ ሁሉ ጨፈነ። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ለእኔ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ሰው ጠፋብኝ። ፀሐይ ብቻ፣ ጠመንጃ ብቻ። ተረት ለሰው ነው የሚነገር። አንተ አየኸኝ። አንተን አይቼ ጨረስኩት።"

በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። እጃቸውን የላም ሽታ አሁንም አልለቀቀውም። መጀመሪያ በቋንቋቸው ረዘም አድርገው መረቁኝ፤ ቀጥሎ እንዲገባኝ ብለው በአማርኛ፣ "እደግ። አፍህ ይባረክ" አሉኝ።

ልነግራቸው የመጣሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አሜን አልኩና ካርዴን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።