የአለቃ ሄልሜት

መጋረጃ ሰፊዋ ልጇን «አለቃ» ብላ ስትጠራው ያለ ነገር አይደለም። ተኝታ ይቀሰቅሳታል፣ ምሳዋን ሳትጨርስ ያስነሳታል፣ ሥራ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ዓይኑን ተክሎ ይቆጣጠራታል። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አንዱ ክፍል መኝታ ሲሆን ሌላው ሁሉም ነገር ነው፤ የስፌት መኪናው፣ በጥቅል በጥቅሉ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ጨርቅ፣ ምድጃው፣ የአለቃ አልጋ፣ ሁሉም እዚያው። የምትሰፋለት መጋረጃ ቤት ጨርቁን በሹፌር ይልክላታል፤ እሷ ጠርዙን አጥፋ፣ መስቀያውን ሰፍታ ትመልሳለች። ሹፌሩ ከበሩ አያልፍም። አንዳንድ ቀን እሱ ከሚላት «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» በቀር የትልቅ ሰው ድምፅ ሳትሰማ ይመሻል።

ባሏ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። አለቃ ሲወለድ ባሕር ላይ ነበር፤ መቀመጥ ሲለማመድም ባሕር ላይ ነው።

ነገሩን ያየችው ስታጥበው ነው። ውሃው ፀጉሩን ከራሱ ጋር ሲያጣብቀው፣ ከላይ ሆና ቁልቁል ስታየው፣ የጭንቅላቱ ቀኝ ኋላ በሰሌዳ የተዳጠ ይመስል ጠፍጣፋ ሆኗል። ቀኝ ጆሮው ከግራው ቀደም ብሎ ወደ ፊት ወጥቷል። መብራቱ ነው ብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። መብራቱ አልነበረም። የተንሻፈፈ ስፌት ከክፍሉ ማዶ ሆና የምትለይ ሴት ናት፤ «ዓይኔ የት ነበር?» አለች ጮክ ብላ። የሚመልስላት አልነበረም። አለቃ ውሃውን በእጁ ይመታል።

መጀመሪያ አማቷ ጋ ደወለች።

«ሲያድግ ይሞላል፣ አትጨነቂ» አሏት አማቷ። «የባልሽም እንዲሁ ነበር።»

«የሱም ጠፍጣፋ ነበር እማማ?»

«እኔ ምኑን አስታውሼ ልጄ! ሰባት ወልጄ የማንን ጭንቅላት ልያዝ?»

ሳቀች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋባት፤ በማግስቱ ሥራዋን ትታ ልጁን ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ ቀጠን ያሉ፣ እጃቸውን አሽተው ሳያሞቁ ሕፃን የማይነኩ ሴት ናቸው። ጭንቅላቱን ዙሪያውን በጣታቸው ዳበሱት፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞሩት። ወደ ግራ ሲያዞሩት አለቃ ቡራ ከረዩ አለ።

«አጥንቱ ደህና ነው፤ አንጎሉም ምንም አልሆነም። ቅርጹ ነው የተበላሸው፤ አንገቱም በአንድ በኩል ጠንክሯል» አሉ። «ሲተኛ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ እኔ።»

«ሁልጊዜ?»

«ወደ መኪናው ማለቴ ነው። የስፌት መኪናው። እኔ እዚያ ነኝ ቀኑን ሙሉ።»

«በወዲያኛው በኩልስ ማን አለ?»

«ግድግዳ» አለች።

ሐኪሟ በክፋት አልጠየቁም፤ ዓይናቸው የሚጽፉት ላይ ነው። እሷ ግን ወንበሩ ላይ እንዳለች ገባት። ልጇ ራሱን ያጣመመው እሷን ሲያይ ነው። የሚያየው ሌላ ሰው አልነበረማ።

ሐኪሟ ምርጫውን አስቀመጡላት። አንደኛው አንገቱን በእጅ እያዞሩ ማሠራት፣ አልጋውን አዙሮ ማስተኛት፣ ነቅቶ ሳለ በሆዱ ማድረግና መጠበቅ ነው፤ ብዙ ልጅ በዚህ ይሻለዋል። ሁለተኛው ቀንና ሌሊት ተደርጎ የጭንቅላቱን ቅርጽ የሚያስተካክል ሄልሜት ነው። እሱ የሚሠራው ጭንቅላት ቶሎ ቶሎ በሚያድግበት በዚህ ዕድሜ ስለሆነ፣ ብዙ ከቆየች ጊዜው ያልፋል።

«ሐኪሞችም በዚህ አንድ አይደለንም። አንዳንዱ ያዛል፣ አንዳንዱ ተዉት ይላል። የእሱ ግን ትንሽ የሚባል አይደለም።»

«የእርስዎ ልጅ ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?»

ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እውነቱን ልንገርሽ? ከባሌ ጋር ቁጭ ብዬ እመክር ነበር።»

ባሏን ያገኘችው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከጀርባው ብረት ድስት ይንኳኳል። ሁሉንም ነገረችው።

«አንቺ እንዳልሽ ይሁን» አለ።

«እኔማ ምንም አላልኩም እኮ! አንተ ምን ትላለህ ነው የምልህ።»

«እኔ እዚህ ሆኜ ምን አያለሁ? አጠገቡ ያለሽው አንቺ ነሽ። ያመንሽበትን…»

መስመሩ ተቋረጠ። ገንዘቡ እንደሆነ አልቸገራትም፤ ባሏ በወር በወሩ ይልካል። የቸገራት «እንዲህ ይሻላል፣ ተይ አይሻልም» ብሎ አብሯት የሚጨቃጨቅ ሰው ማጣቷ ነው።

መጀመሪያ ያለ ሄልሜት ሞከረችው። አልጋውን አዞረች፤ አሁን አለቃ እሷን ለማየት ወደ ግራ መዞር አለበት። አንገቱ እምቢ አለው። ይታገላል፣ ይቀላል፣ ያለቅሳል፤ ሲደክመው ደግሞ ዝም ብሎ ግድግዳውን ያያል። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ተለያዩ። እሷ መኪናውን ስታቆም፣ ሄዳ በግራው ተንበርክካ ስታዋራው፣ አንገቱን እንደታዘዘችው ስታሠራው፣ መልሳ መኪናው ላይ ስትቀመጥ፣ ሥራው ተጠራቀመ። ሹፌሩ «ምነው ዘንድሮ?» አላት። ሬዲዮ በግራው አስቀመጠችለት፤ አለቃ ሬዲዮውን ከምንም አልቆጠረውም፤ አንዴም ዞር ብሎ አላየውም። ሳምንታት ሄዱ። አንገቱ በመጠኑ ለቀቅ አለ፤ ጭንቅላቱ ግን እንደነበረው ነው። ያኔ ለሄልሜቱ ቆረጠች።

ሄልሜቱን የሚሠራው ሰው ራሰ በራ፣ ነጭ ሽርጥ ያገለደመ፣ ወሬ የሚወድ ሽማግሌ ነው። ክፍሉ የላስቲክና የማጣበቂያ ሽታ ይሸታል። የአለቃን ጭንቅላት ለክቶ ሲጨርስ ከመደርደሪያው ሁለት ዕቃ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«ይሄ ማሰሪያ ነው፤ ግንባርና ማጅራቱን ይዞራል፣ ከላይ ክፍት ነው። ይቀላል፣ አይሞቅም። ግን ልጁ ሲገላበጥ ይንሸራተታል፤ ቶሎ ቶሎ ማየት ይፈልጋል። ይሄኛው ሙሉ ሄልሜት ነው። ቦታውን አይለቅም። ግን ያልበዋል፣ መጀመሪያ ሰሞን ይሸታልም፤ አልዋሽሽም።»

«ያመዋል ጋሼ?»

«አይጫነውም። የወጣውን ይዞ ይቆያል፣ ለጎደለው ቦታ ይተውለታል፤ ራሱ እያደገ ይሞላዋል።» የገዛ መላጣውን መታ መታ አደረገ። «እኔን በጊዜው አስረውኝ ቢሆን ኖሮ ይሄ ድንች አይወጣም ነበር።»

እሷ ሁለቱን አንስታ ጣቷን በውስጣቸው አስኬደች፣ ገበር እንደምትመረምረው። ጠርዛቸውን ዳሰሰች፣ መቆለፊያቸውን ከፍታ ዘጋች። ማሰሪያው ደስ ይላል፤ የልጇ ፀጉር ይታያል፣ አየር ያገኛል። ግን ቶሎ ቶሎ የሚያየው ማነው? እሷ መርፌው ሥር አጎንብሳ ነው የምትውለው። ሌላ ዓይን ቤት ውስጥ የለም። አስባ አስባ፣ «ይሄኛው» ብላ በሙሉ ሄልሜቱ ላይ እጇን አሳረፈች። ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

«ቀለምስ?»

«ቢጫ።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። «ቶሎ ጨረስሽ። ባልና ሚስቱ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው፤ ያንን ሁሉ ተስማምተው ቀለም ላይ ይኳረፋሉ።»

እሷ ጎንበስ ብላ የአለቃን ካልሲ ሳበች።

ሄልሜቱ ከተደረገለት ጀምሮ የሚወልቀው ለመታጠብ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መከራ ነበሩ። ያልበዋል፣ ይነጫነጫል፤ ቆዳው ሲቀላ ቅላቱ እስኪጠፋ በጭንቀት ትጠብቃለች። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ዞር እያለ ያየዋል። አንዲት ሴትዮ «ወድቆ ነው?» አለች። «አይ፣ ለቅርጹ ነው» ብላ አስረዳቻት። ሴትዮዋ «እግዜር ይማረው» ብላ አጠገቧ ወዳለችው ዘንበል አለችና፣ «ከእጇ ጥላው ይሆናል» ስትል ሰማቻት። ከዚያ ወዲያ በእግሯ መሄድ አበዛች።

ለባሏ ፎቶ ላከችለት። ደውሎ «ሞተረኛ አደረግሽው እንዴ!» ብሎ ሳቀ፤ ከኋላው ሌሎችም ሲስቁ ይሰማል። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ለብዙ ቀን ሲደውል ሥራ ላይ ነኝ አለችው።

ከሁሉም የናፈቃት የልጁ ጭንቅላት ነው። ድሮ ሲያንቀላፋ አንገቷ ሥር ይወሸቅ ነበር፤ አሁን ጠንካራው ነገር አገጯን ይመታታል። ስለዚህ ካጠበችው በኋላ ያለችውን የተፈቀደች ጊዜ ለማንም አትሰጥም። ስልክ አታነሳም፣ መርፌ አትነካም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ እርጥብ ፀጉሩን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ ታቅፈዋለች። አለቃም በዚያች ሰዓት አይቆጣጠራትም።

ልጁ ቆሞ መሄድ ሊጀምር ሲል ሄልሜቱ ወለቀ። ሐኪሟ በጣታቸው ዳበሱትና፣ «በጣም ተሻሽሏል። ትንሽ ይቀረዋል፤ ፀጉሩ ሲያድግ ማንም አያውቅም» አሉ።

«እኔ አውቃለሁ» አለች እየሳቀች።

ባሏ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሻንጣውን በሩ ላይ ጥሎ ልጁን ሊያነሳ ሲል አለቃ ጩኸቱን አቀለጠው፤ እናቱ እግር ላይ ተጠመጠመ። ባልየው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ሲያየው ቆየና፣ «ምንም የለበትም እኮ! ይሄን ልጅ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ያስጨነቅሽው?» አለ።

ብዙ መልስ ምላሷ ላይ መጣ። ሁሉንም ትታ የባሏን እጅ ይዛ የልጁ ጭንቅላት ላይ፣ ቀኝ ኋላው ላይ አሳረፈችው። የቀረችውን ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ጣቱ አገኛት። ፊቱ ተለወጠ።

«ከዚህ ይብስ ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

«በጣም።»

«ማን መረጠልሽ?»

«ማን ይመርጥልኛል? እኔ ነኛ።»

ጣቱን በልጁ ፀጉር ውስጥ አስኬደ። ይቅርታ የሚመስል ነገር ከአፉ ሊወጣ ነበር፤ አለቃ ግን ዞሮ እጁን ነከሰውና ሁለቱም ሳቁ።

ዕረፍቱ አጭር ነበር። ልጁ ከባሏ ጋር መላመድ ሲጀምር መርከቡ ጠራው። ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ነገረችው፤ ቤት ውስጥ መስፋቱን ትታ መጋረጃ ቤቱ ወርክሾፕ ልትገባ ነው። እዚያ ብዙ ሴቶች አሉ፤ አጠገቡ የሕፃናት ማቆያ አለ።

«ለምን? እዚህ አይሻልሽም? ማንም አያዝሽም» አለ።

«ለዚያ ነው» አለችው።

የመጀመሪያው ቀን ጆሮዋ ደነቆረ። መኪኖቹ ይጮኻሉ፣ ሴቶቹ ከመኪኖቹ በላይ ይጮኻሉ። አጠገቧ የተቀመጠችው ወፍራም ሴት መቀስ ስትዋሳት ስለ ልጇ ጠየቀቻት። መጋረጃ ሰፊዋ መለሰች፤ ጀምራ ማቆም አቃታት፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ተዘጋ። አመሻሹ ላይ አለቃን ከማቆያው ወሰደችው፤ ሲያለቅስ ውሎ ዓይኑ አብጧል። ቤት ሲደርሱ መብራቱን አበራች። ክፍሉ ሰፍቷል፤ ጨርቁ ከግድግዳው ተነስቷል። ልጁን ወለሉ ላይ አስቀምጣ የቀኑን ወሬ በተዘጋ ድምፅዋ ትነግረው ጀመረች፤ እሱ ግን መሃሉ ላይ አንቀላፋ።