ወደ ግድግዳ የዞረው መስታወት

የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ወደ መሰናዶ ሳያሻግረኝ በቀረበት ዓመት ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ካለ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ገባሁ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ «እጅሽ ፈጣን ነው፤ ችግሩ አፍሽ ይቀድመዋል» ይሉኝ ነበር። ልክ ናቸው። አንዷን ሙሽራ ቀሚሱ እንደማያምርባት ነግሬያት ከነሚዜዎቿ ወጥታ ሄዳለች። ግማሽ ቀን አንድ ወንበር ላይ መቀመጥም አይሆንልኝም። ስለዚህ ጋሼ ቁልፍ መትከሉንና መዘምዘሙን ለራሳቸው አስቀርተው፣ ልክ መውሰዱን፣ መተኮሱንና መላላኩን ለእኔ ሰጡኝ።

አንድ ቀን ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር ህንዳዊ በካሬ ወረቀት ላይ የተሳለ ነገር ይዞ መጣ። ከተማው ሁሉ ቲቸር ነው የሚለው። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ገበያ ላይ የቲማቲም ዋጋ ሲጠይቅ እንኳ «ይቅርታ» ብሎ የሚጀምር ሰው ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እንደ ጃንጥላ ወደ ጎን የተዘረጋ ቀይ ቀሚስ፣ ከላዩ ደግሞ ከበራችን የሚበልጥ የራስ አክሊል።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለባለቤትህ ነው?»

«ለእኔ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ቲቸር ግን ቅር አላለውም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን ከገበያ በለቀመው አማርኛ ነገሩን አስረዳን።

እናቱ አገር ቤት፣ ደቡብ ህንድ ውስጥ ታማ ነበር። በህመሟ ጊዜ ተሳለች፦ ከዳንኩ ልጄ ቴያም የሚባለውን የአምላክ ጭፈራ ይጨፍራል፤ እስኪጨፍር ድረስ ሻይ አፌ አይገባም። ዳነች። ከዳነች ሰባት ወር ሆኗታል። በቀን ስምንት ጊዜ ሻይ ትጠጣ የነበረች ሴት ሰባት ወር ሙሉ ትኩስ ውኃ እየጠጣች ነው። ልጇ ደግሞ ትምህርት መሀል ላይ ነውና ወደ አገሩ የሚሄድበት ፈቃድ የለውም። የመንደራቸው ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ልጁ ያለበት ሆኖ ይጨፍር፤ እናትየው ከበሮውን በስልክ ከሰማች ይበቃል አሉ። እሁድ እሁድ ስትደውል ሰላምታ እንኳ የላትም፤ «መቼ ነው?» ብቻ ነው የምትለው።

«ጭፈራ ከሆነ ምን ችግር አለው፤ በሱሪህ ጨፍርላት» አልኩት።

«እኔ አይደለሁም የምጨፍረው» አለ ቲቸር። «ልብሱን ለብሼ፣ ፊቴን ተቀብቼ መስታወት ሳይ እኔ እሄዳለሁ፤ አምላኩ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሰው እየመጣ ችግሩን የሚነግረው ለአምላኩ ነው።»

ይሄማ ለእኔ አዲስ አይደለም። እኛ ከፋዎች ኤቆ የሚባል መንፈስ አለን፤ መንፈሱ የሚያድርበትን ሰው አላሞ እንለዋለን። አክስቴ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እየዘመረች ሰኞ በጓሮ ዞራ አላሞ ጋ ጥያቄ ይዛ ትሄድ እንደነበር ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ የማናውቅ እንመስላለን እንጂ።

ጋሼ ግን ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። «የንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል? ሌላ ሰፊ ፈልግ።»

ቲቸር ወረቀቱን ተቀብሎ ለመነሳት ሲል እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመረ። ቴያምን የሚጨፍሩት ድሮ ከተናቀ ወገን የተወለዱ ሰዎች ናቸው አለ። አባቱም እንደዚያ ነበር። በሌላ ቀን ግቢያቸው የማያስገቡት ጌቶች ያን ቀን እግሩ ላይ ወድቀው ይለምኑታል።

ጋሼ የሸማኔ ልጅ ናቸው። ልጅ ሳሉ በዚህ ምን ምን ይባሉ እንደነበር አንድ ሁለቴ ነግረውኛል። «ራሳቸው ጌቶቹ?» አሉ።

«ራሳቸው።»

ጋሼ ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። «ወገብህን ለኪው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት ዘመኔ ሁሉ ይጥማል። ቲቸር አገር ቀሚሱ ላይ የሚንጠለጠለው የኮኮናት ቅጠል ነው፤ ቦንጋ ኮኮናት ከየት ይመጣል? የእንሰት ቃጫ አበጥረን ሰቀልንለት፤ እንዲያውም ይበልጥ ያምር ነበር። ለአክሊሉ ቀርከሃ ሰንጥቀን በጭስ አጎበጥን። ቀይ ጨርቅ ግን ገበያው ላይ ያን ያህል አልነበረም። ጋሼ ጓዳ ገብተው፣ ለሆነ ስብሰባ ተሠርቶ ፊደል ስለተሳሳተ ሳይወሰድ የቀረ ረጅም ቀይ ባነር ይዘው ወጡ። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርገን ሰፋነው። «ማን የአምላክ ቀሚስ ገልቦ ያያል?» አሉ ጋሼ።

ቲቸር የራሱን ጾም ጀምሮ ነበር፤ ሥጋ አይበላም፣ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፎ ለብቻው ይተኛል። ከቀኑ በፊትም ልብሱን መልበስ አይችልም። እኔ በቁመት እኩያው ነኝ፤ ስለዚህ እየለበስኩ የምለካለት እኔ ሆንኩ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ፤ አክሊሉን አድርገሽ መስታወት እንዳታዪ። ሌላ ፊት ቀድሞ ከታየበት ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል፤ አዲስ ቀርከሃ፣ አዲስ ጨርቅ፣ ጾሙም ከአንድ። ጋሼ ትልቁን የሱቁን መስታወት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ደንበኞች በሦስት ሳምንት ውስጥ ያን ሁሉ ልብስ ለክተው የወሰዱት እኔ «ያምርብሻል» እያልኳቸው ነው። ለእኔ ትልቁ ጾም እሱ ነበር።

ሊጨፍር ስምንት ቀን ሲቀረው፣ አርብ ዕለት፣ ጋሼ ለቅሶ ሄዱ። አክሊሉን ጭንቅላቴ ላይ አሰርኩት፤ ቀሚሱንም ታጠቅሁ። ቲቸር ለሙከራ ያመጣው እርድ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሱን በውኃ በጥብጬ ፊቴን ለቀለቅሁ። ማን አዘዘሽ? ማንም። የስፌት ሰው እጁ መስታወት ለምዶ ነው ልል እችል ነበር፤ ውሸት ነው። ማየት ፈልጌ ነው። መስታወቱን አዞርኩት።

የምር ቆንጆ ነበርኩ። ቆንጆ ብቻ አይደለም፣ ትልቅ ነበርኩ። የአሥረኛ ክፍል ውጤቷን ያየችው ልጅ እዚያ ውስጥ የለችም። አንዴ ዞርኩ። ቀሚሱ ተነስቶ ክሮቹን ሁሉ ከመደርደሪያው ጠረገ። ሁለተኛ ዞርኩ። ሦስተኛውን ዞሬ ስቆም ከማንኪራ የሚመጡ አንዲት አሮጊት ሊያስጠግኑት የያዙትን ጋቢ ጥለው ደፉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እሳቸው ግን አንዴ ጀምረዋል። በቋንቋችን በከፍኛ፣ ለአላሞ በሚነገርበት ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ጌታዬ» አሉኝ። «ትንሹ ልጄ ሺሺንዳ ሱቅ ከፍቷል። ቀፎ የምንሰቅልበትን ዛፍ ለታላቁ ስለሰጠሁ አኩርፎ ሁለት ዓመት አልመጣም። እኔ ልሂድ ወይስ እሱ ይምጣ?»

ዝም ማለት የሚችል ሰው ዝም ይል ነበር። «አንቺ ሂጂ» አልኳት። በዕድሜ አያቴ የሚሆኑትን ሴት አንቺ ብዬ። «ካኮረፈ አንቺም ቤቱ ተቀምጠሽ አኩርፊ።»

«ስንት ቀን ልቀመጥ ጌታዬ?»

«እስኪሰለቸው።»

ጋቢያቸውን እዚያው ትተው፣ ጀርባቸውን ሳይሰጡኝ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ የቲቸር እናት ትዝ አለችኝ፣ ትኩስ ውኃ የያዘች። ብናገር ሁሉም ከአንድ ይጀመራል፤ ሴትዮዋ ስንት ሳምንት ሻይ አጥታ ትኖራለች። ባልናገር ደግሞ ልጇ የሚጨፍረው በተበላሸ አክሊል ነው። ፊቴን በሳሙና ሦስቴ አጠብኩት። ቢጫው አልለቅ አለ። ጋሼ ማታ ሲመለሱ አይተውኝ፣ «ጉበትሽን ታመምሽ እንዴ?» አሉኝ።

ስምንት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። እኔን የሚያውቅ ሁሉ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቲቸር የተከራየበት ግቢ በጎረቤት ተሞላ። ጋሼ አልገቡም። ንስሐ አባታቸው ቢጠይቋቸው «ግቢው ውስጥ አልነበርኩም» ማለት እንዲችሉ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ በርጩማ አስቀምጠው ተቀመጡ። የቲቸር ባለቤት ሞባይሉን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ይዛለች፤ እናትየው መስመር ላይ ናት፤ ስታስል ይሰማል። ቲቸር ፊቱ በእርድና በሩዝ ዱቄት ተስሏል፣ አክሊሉ ታስሯል። ትንሿን መስታወት ለማንሳት እጁን ዘረጋ።

«ቲቸር፣ እኔ አክሊሉን አድርጌ መስታወት አይቻለሁ» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ሁሉንም ነገርኩት፤ መስታወቱን፣ እርዱን፣ አሮጊቷን፣ «እስኪሰለቸው» ማለቴን ሳይቀር። ከዚያ ሥዕል ሥር ፊቱ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ድምፁ ግን ቀጠነ። «ለምን አሁን ነገርሽኝ?»

«ቀድሜ ፈርቼ። አሁን ደግሞ ዝም ማለቱ አቃተኝ።»

ከሞባይሉ አንድ የተቆጣ ጥያቄ መጣ። እናትየው ናት፤ ምን ትጠብቃላችሁ ነው የምትለው። ቲቸር ባገሩ ቋንቋ ነገራት፤ ረጅም ነበር። እሷ መልሳ አንድ ነገር ጠየቀች። «ሴትዮዋ ልጇ ጋ ሄደች ወይ ነው የምትለው» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ሄዳለች» አለ አጥሩ።

ሁላችንም ወደ ቆርቆሮው ዞርን።

«ታርቀዋል» አሉ ጋሼ ከውጭ ሆነው። «አምስት ቀን ተኳርፈው ተቀምጠው፣ በአምስተኛው ልጁ በሳቅ ፈነዳ አሉ። ሐሙስ ይቺ ልጅ ስትላላክ ሴትዮዋ ጋቢዋን ልትወስድ መጥታ ነገረችኝ። ለጌታዬ ብላ ማርም ትታለች።»

«ማሩ የታል?» አልኩ።

«ግማሹ አለ።»

ቲቸር ይህንንም ተረጎመ። ከስልኩ የመጣው መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ሳቋ እንደ እኔው ነው፣ ቶሎ የማያልቅ። ባለቤትየዋ እየሰማች ተረጎመችልኝ፦ «ልጅቷ ለራሷ ምንም አልለመነችበትም፤ ሰው አስታረቀችበት፤ አልተበላሸም ትላለች። ግን መስታወቱን አንቺ ያዢለት፤ ፊቱን ካንቺ እጅ ይቀበል። ደግሞ ቶሎ በሉ ትላለች፣ ውኃው ፈልቷል።»

ያዝኩለት። እኔ የማየው የመስታወቱን ጀርባ ብቻ ነው፣ ዝገቱን። ከዝገቱ በላይ ግን ያ «ይቅርታ» ብሎ የሚጀምር ሰው ዓይኑ ሰፋ፣ አንገቱ ረዘመ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወዲያ እኔን የሚያውቀኝ አይመስልም ነበር። ከበሮው ከቴፕ ካሴት ላይ ተነሳ፤ ተነስቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋና ተቋረጠ። እሱ አንድ እግሩን አንስቶ ቆሟል። ከስልኩ የእናትየው «እ?» ተሰማ።

ያኔ አጥሩ ከበሮ መታ። ጋሼ ናቸው። በሁለት እጃቸው ቆርቆሮውን ከውጭ ደበደቡት፤ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ላይ ምቱን በልባቸው ይዘውታል። ግቢው በሙሉ በጭብጨባ ተቀበላቸው። ቀሚሱ እንደ ጃንጥላ ተከፈተ፤ ቃጫው አየር ላይ ተበተነ፤ ጠርዙም ሲገለበጥ ያ ያልተወሰደ ባነር ወጣ። በዞረ ቁጥር አንድ ቃል ያልፋል፦ «ልማታችን»፣ ከዚያ ቃጫ፣ ከዚያ እንደገና «ልማታችን»። ፊደል የሚችለው ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ያጨበጭብ ነበር።

ሲቆም ሰዎች እየቀረቡ ጠየቁት። ከጎረቤት አንድ ሰውዬ፣ «ቧንቧችን ውኃ መቼ ይመጣል?» አሉ።

አምላኩ ሩዝ በተነባቸውና በጥልቅ ድምፅ፣ «ታገሡ» አላቸው።

«ይሄማ ከቀበሌ ነው የመጣው» አሉ ሰውዬው፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቱም ተሰልፋ በቋንቋቸው አንድ ነገር ለመነችው፤ ምን እንደሆነ ብጠይቃት ትከሻዬን መትታኝ አለፈች። ከማንኪራ የሚመጡት አሮጊት እንኳ መጥተው ነበር። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተባረኩ፤ ሲመለሱ እኔ አጠገብ ቆም ብለው ፊቴን ትኩር ብለው አዩት። ጆሮዬ ሥር እርዱ አሁንም አልለቀቀም ነበር። «ይሄኛው ጥሩ ነው» አሉኝ በከፍኛ፤ «የባለፈው ግን አጭር መልስ ነበረው።»

ሞባይሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ተቋረጠ ብለን ተሰበሰብንበት። ቲቸር ላቡ ሥዕሉን እያፈሰሰው፣ አክሊሉን ሳይፈታ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ የብርጭቆ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ረጅም፣ ያለ ይሉኝታ የተሳበ ፉት፤ ከአጥሩ ውጭ ያሉት ጋሼ ሳይቀሩ ሰሙት። ሁላችንም ጠበቅን። እናትየው አንድ ቃል ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኩ።

ቲቸር በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ፤ መዳፉ ቢጫ ሆነ። «ስኳር አነሰው አለች።»