ድንጋይ አጣቢው ባዳቾ

አጎቴ ባላምባራስ ቢያድግልኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዕድሜው የሠራው ቁም ነገር ቢኖር የሶዶ ቤቱን አዳራሽ ድንጋይ ማስነጠፉ ነው። እሱንም የሠራው ሌላ ሰው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን "ይህን ያነጠፍሁት እኔ" እያለ ወለሉን በከዘራው ሲያንኳኳ፣ ድንጋዩን ከተራራ በጫንቃው ያወረደ ይመስል ነበር።

ያነጠፈውም ያጠበውም ባዳቾ ነው። ባዳቾ በኦቶና በኩል የሚኖር፣ ዝምተኛ፣ ጉልበቱ ላይ ቁራጭ ቆዳ አስሮ የሚሠራ የወላይታ ሰው ነበር። በ1926 ዓ.ም. መግቢያ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ በአጎቴ ቤት ስኖር፣ እጁን ሳይ እውል ነበር። የድንጋዩን መጋጠሚያ በተሳለ ቀርከሃ ይፈለፍላል፤ የአመድ ውሃ ያፈስበታል፤ በእንሰት ቃጫ ይፈትገዋል፤ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቀልቀዋል። ከዚያ ወዲያ ሥራው መጠበቅ ነው። ሲመሽ የኮባ ቅጠል ድንጋዩ ላይ ያነጥፍና ጠዋት ይገልጠዋል። ቅጠሉን ከሥሩ ካላበው ድንጋዩ ገና ውሃ አለው ማለት ነው፤ እንዲያበራ የሚቀባው ሰም አይነካውም።

ለመስቀል ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሹም እንደሚመጣ ተሰማና አጎቴ ዕረፍት አጣ። ባዳቾም ዕረፍት አልነበረውም፤ የሱ ምክንያት ግን ሌላ ነው። እሑድ ጊፋታ ነው፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ። አምና አጎቴ አጥር ሲያሳጥረው በዓሉ አልፎት፣ አሮጊት እናቱ የሥጋ ድርሻውን እስኪበላሽ ድረስ ሰቅላ ጠብቃዋለች። ዘንድሮም ከቀረ ምን ብሎ ዓይኗን ያያል?

ሐሙስ ጠዋት አጎቴ ካባውን ደርቦ መጣ።

"ባዳቾ! ሰሙን ቀባው።"

ባዳቾ ቅጠሉን ገልብጦ አሳየው። ይንጠባጠባል።

"ድንጋይ ገና አልደረቀችም፣ ጌታዬ።"

"ደርቋል እያልሁህ! ስሄድበት ጫማዬ አልረጠበም።"

"ላይዋ ደርቋል፤ ሆዷ ውሃ ነው። ዛሬ ከተቀባች ትነጣለች።"

"ይሄ ሰው ድንጋይ ያናግራል ልበል?" አለ አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ፤ እንድስቅለት ነው። "ስማ፣ ዛሬ ቀብተህ ሂድና በዓልህን አክብር። አለዚያ እስክትቀባ ድረስ ከዚህ ግቢ አትወጣም።"

ባዳቾ ሰሙ ወደ ተጣደበት ድስት አየ። በተልባ ዘይት ቀልጦ ተዘጋጅቷል። ጥቂት ሰዓት ቢሠራ ሳይመሽ ከእናቱ ቤት ነው። እኔ ራሴ "ምናለ ቀብቶ ቢሄድ" አልሁ በሆዴ።

"እኔ አልቀባም፣ ጌታዬ" አለ። "በዓሉ ይቅር።"

አጎቴ ሲቆጣ አሳብ የሚባል ነገር ደጁን አይረግጥም።

"በገዛ ቤቴ ልታስተምረኝ! ውጣ! ዓይንህን እንዳላይ! ጩማ ይቀባዋል!"

ጩማ በቅሎ ጠባቂው ነው። ባዳቾ የጉልበቱን ቆዳ ፈታ፤ እጅ ነሥቶ ወጣ። አስሬ አስቀረዋለሁ ያለውን ሰው በገዛ አፉ ወደ ጊፋታ መሸኘቱ፣ አጎቴ እስኪሞት ድረስ አልገባውም።

ጩማ ቀባው። ዓርብ ወለሉ አበራ፤ አጎቴም "አያችሁ?" እያለ ግቢውን ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ሰኞ እዚህም እዚያም ነጣ። ባዳቾን እንዲያመጣ ጩማ ተላከ። ባዳቾ ግን በዓሉ ገና አላለቀም ብሎ ከማዕዱ አስቀመጠው፤ ቅቤ የጠገበ ቆጮና ሥጋ አቀረበለት። ጩማም የዚያው አገር ልጅ ነውና ሦስት ቀን ሳይመለስ ቀረ።

በዚህ መሀል ሹሙ ደረሰ። አጎቴ ወለሉን በቁርበት ሸፍኖት ነበር፤ ነገር ግን ስለ ድንጋዩ አስቀድሞ በደብዳቤ ፎክሯል።

"ታዲያ ድንጋዩ የታለ፣ ባላምባራስ?" አለ ሹሙ፤ በእግሩም አንዱን ቁርበት ገፋ አደረገው። "ምነው፣ ሊጥ ደፋችሁበት እንዴ?"

"የዚህ አገር ድንጋይ፣ ጌታዬ፣ ስንፍና አለበት" አለ አጎቴ።

ሹሙ እንኳ አፈረለት።

ባዳቾ በዓሉን ጨርሶ መጣ። ሰሙን በፈላ የአመድ ውሃ አስለቀቀ፤ እንደገና አጠበ፤ ከዚያም ማንም ወለሉን እንዳይረግጥ ብሎ በሩ ላይ ቁጭ አለ። ባላምባራስ ቢያድግልኝ፣ ያ ባለካባ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በወጥ ቤት በር ገባ፤ ጭቃ የለወሰው ጫማው በእጁ ነው።

"ባዳቾ፣ ዛሬስ?" ይላል አንገቱን አስግጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ነገ እናያለን፣ ጌታዬ።"

እሱም ጫማውን አንጠልጥሎ፣ በሽንኩርቱ ልጣጭ መሀል እየተረማመደ ወደ እልፍኙ ይገባ ነበር።