ስለ እናትዎ ጤና አስቸኳይ

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ የደም ግፊት መለኪያ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። የጠዋት ሥራዬ ቆሻሻ ማየት ነው። ማጣሪያው የተጠራጠራቸውን ኢሜይሎች ለብቻ ያስቀምጣል፤ እኔ እየከፈትኩ ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ይሄ ደህና ነው እያልኩ አስተምረዋለሁ። የራቁት ሥዕል፣ የማላውቀው ሟች ውርስ፣ የተአምር ክኒን። ቢሮ ቁርስ መብላት ትቼ ነበር።

አንድ ሰሞን የምንልከው ኢሜይል ሁሉ ይመለስ ጀመር። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው በንግድ ያረጁት ባለቤቱ ጠሩኝ።

«ማጣሪያሽን አጥብቀሽዋል። መለኪያውን ለሚሠራው ፋብሪካ የጻፍኩት ተመለሰ።»

«ጋሼ፣ ማጣሪያው የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን አይነካም» አልኳቸው።

ሰርቨሩን ስፈትሽ ከሽያጭ ኃላፊያችን አድራሻ ኢሜይል እንደ ጎርፍ ይወጣል። ለዚህ ነው የሌሎች ድርጅቶች ሰርቨሮች እንደ ቆሻሻ ላኪ ቆጥረው የዘጉብን። የይለፍ ቃሉን ሌባ ወስዶበት ይሆናል ብዬ አንዱን ከፈትኩ። ርዕሱ «ስለ እናትዎ ጤና አስቸኳይ» ይላል። ውስጡ የመለኪያችን ማስታወቂያ ነው። የኔ እናት ያን ጊዜ አፍንጮ በር ቤታችን ታማ ተኝታለች። አፌ መረረኝ።

«ራሴ ነኝ የላክሁት» አለ ኃላፊው ስጠይቀው፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። «ሰው ካልደነገጠ አይከፍትም። አታካብጂ።»

እንደ ቀልድ አንድ መልስ አሳየኝ። «እናቴን የቀበርኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ማን ናችሁ?» ይላል።

«ከፍቶታል ማለት ነው» አለኝ።

ወደ ባለቤቱ ሄጄ ሁሉንም አነበብኩላቸው። ኃላፊውን አስጠሩት። ይቆጡታል ብዬ ጠበቅኩ።

«ርዕሱን ትንሽ አለስልሰው» አሉት።

እሳቸውን ሳከብር ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን ፊታቸውን ማየት አስጠላኝ።

«እሱ መላክ ካላቆመ የዘጉብን አይከፍቱልንም፤ ለፋብሪካው የምንልከውም ትእዛዝ አይሄድም» አልኳቸው። ያን ጊዜ ብቻ ፊታቸው ተለወጠ፤ «እንግዲያው ዝጊበት» አሉኝ።

ዘጋሁበት። የሚወጣውም እንዲጣራ አደረግኩ። የሰርቨራችን ስም እስኪጸዳ የዘጉብንን ብዙ ለመንኩ፤ በመጨረሻ ለቀቁልን። እናቱን ለቀበረው ሰው በድርጅቱ ስም ይቅርታ ጻፍኩለት። አልመለሰልኝም፤ እኔም ብሆን አልመልስም።

ኃላፊው ቂም አልያዘም። በየጠዋቱ እጁን ይዘረጋልኛል፣ እጨብጠውና ታጥቤ እቀመጣለሁ። ሌላ ሥራ እስካገኝ ድረስ እንዲሁ ቆየሁ።